ደሴቷ ላይ የቀረው ጫማ

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ መተማ

ዛሬ የክሊኒኩን ሽታ ልርሳ ብዬ ከዓሣ አጥማጁ ከጋሽ አደም ጋር ጓንግ ወንዝ መሐል ያለችው ድንጋያማ ደሴት ላይ ዋልኩ። ምነው በቀረብኝ።

እሳቸው መረብ ሲጥሉ እኔ አናቷ ላይ ወጣሁ። የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የግራው ሶል በቁስል መስፊያ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ የእኔ ነው። ጓደኛዬ መምህር ታደሰ በሐምሌ ወደ ሱዳን ሊጠፋ ሲል የሰፋሁለት ነው።

ጋሽ አደም መጥተው አዩት። «የሚሻገሩት በታንኳ እዚህ ይደርሱና ቀሪውን ለመዋኘት ጫማቸውን አውልቀው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል» አሉኝ። «ማዶው እሾህ ነው። ትቶት የሚሄድ አላየሁም።»

«ረስቶት ቢሆንስ?» አልኳቸው።

መረባቸውን ሳቡ።

ጫማውን ዘንቢሌ ውስጥ ከዓሣው ሥር ከትቼ ተመለስኩ። የታደሰ እናት እማማ የሺ ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሱዳን ገዳሪፍ በሰላም ገብቷል ብዬ በነሐሴ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ፤ ሲያለቅሱ ማየት አቅቶኝ።

«ሐኪሜ፣ ገዳሪፍ የሚሄድ ነጋዴ አገኘሁ» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። «አዲስ ጫማ ልሰድለት ነው። የእግሩን ቁጥር ታውቀው ይሆን?»

ዘንቢሉን ወደ ኋላዬ አዞርኩት።

አርባ አንድ አልኳቸው።