ጉዳዩ፦ የልጄ ጆሮ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎ ወይ? አሁንም ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ጎብጠው ይጽፋሉ አሉ። የእማዬስ እግር፣ እብጠቱ ጎደለላት? ወንድሜስ ሥራው ጸናለት? ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን አለ? እኔ ግን እንደ ወትሮዬ ደህና ነኝ ብዬ አልቀጥልም። ደህና አይደለሁም፣ አባባ።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ አካል ጉዳት ያለበትን ተማሪ የሚደግፍ ቢሮ አለ። መምህሩ የሚናገረውን የሚጽፍልህ ሰው ይመድባል፣ ለፈተናም ሰዓት ይጨምራል። ይህን ለማግኘት ግን ገምጋሚዎች ፊት ቀርበህ የማትችለውን መናገር አለብህ። ባለፈው ወር ቀረብኩ። ትምህርቱን ስትከታተዪ ምን ያስቸግርሻል አሉኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አይለኝም አልኩ። የመጨረሻውን ጥያቄ ጭራሽ አልሰማሁትም። ሰው ፊት "ምን አሉኝ?" ማለት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ አይደል፣ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ለካ ያለ ድጋፍ መማር ትችያለሽ ወይ ብለውኝ ኖሯል! ድጋፍ አያስፈልጋትም ብለው ጻፉ።

መምህራችን ደግሞ የሚያወራው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ነው። ከጀርባ ከንፈር አይነበብ። ሁለት ትምህርት ወድቄያለሁ፤ በዚህ መንፈቅ ሌላ አንድ ከወደቅሁ ያባርሩኛል።

ቢሮው ድጋሚ ሊያየኝ ስለተስማማ አሁን እየተዘጋጀሁ ነው። አንድ ክፍል የምንኖር በምርኩዝ የምትሄድ ልጅ አለች፤ ሁሉን ስለምታዝ "አለቃ" እንላታለን። ከምሳ በኋላ አልጋ ላይ ታስቀምጠኝና እሷ ገምጋሚ ትሆናለች። የባሰውን ቀንሽን ንገሪያቸው፣ እንግዳ እንደምትቀበዪ አትሽቆጥቆጪ ትለኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ "አልሰማም" የምትለዋን ቃል እየዘለልኩ "ደህና ነኝ" አልኳት። በአራተኛው ቀን አወጣኋትና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አለቃ ወለሉን በምርኩዟ መታ አድርጋ፣ በይ ድገሚው አለችኝ። ጨካኝ ናት፣ ግን እንደ እሷ የቆመልኝ የለም።

ገምጋሚዎቹ አሁን የሚፈልጉት ከመቼ ጀምሮ እንደማልሰማ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከየት ላምጣ? በስድስት ዓመቴ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት እርስዎ ቀደዱት። ደንቆሮ ከተባለች ማን ያገባታል እንዳሉ እማዬ እያለቀሰች ነግራኛለች። ለሰው ሁሉ ጭምት ናት አላችሁ። ስጠራ ዝም ብል ጭምት፣ ልጆች ሲጫወቱ ጥግ ብይዝ ጭምት! ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ የአስተማሪውን ቃል ጆሮዬ ሥር እየጮኸ ሲደግምልኝ እንኳ፣ በሩን ዝጉት፣ ጎረቤት ይሰማል ይሉን ነበር።

እርስዎ እኮ ማመልከቻ ጸሐፊ ነዎት። ባለጉዳይ ሁሉ ብሶቱን ይዞ የሚመጣው እርስዎ ዘንድ ነው። በብዕርዎ ስንቱን ዳኛ አራርተዋል። የሚሸሽግ ሰው ሲገጥምዎ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ይገሥጹታል። የእኔ ነገር ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ! አንጀቴን ያሳረረው ይኸው ነው። ለእኔ አስበው እንዳደረጉት አውቃለሁ። ግን ባሉ ሳይመጣ ትምህርቴ ሊሄድ ነው።

ስለዚህ ለእኔም ይጻፉልኝ። የሚያስለቅሰውን ቃል ይተዉት። ከላይ "ጉዳዩ፦ የልጄ ጆሮ" ይበሉ፤ ከሥር ልጄ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በደንብ አትሰማም፣ የሐኪሙን ወረቀት የቀደድኩት እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙ። ግምገማው ታኅሣሥ ሃያ ነው፤ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። አፍረውም ቢሆን ይፈርሙ። እኔ አሥራ አራት ዓመት አፍሬልዎታለሁ።

ወንድሜን፣ ያ ሁሉ ጩኸቱ እዚህ እንዳደረሰኝ ይንገሩልኝ። ትንሿን እህቴን ጉንጭና ጉንጯን ይሳሙልኝ። አክስቴንም ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። እሷ ማንበብ ስለማትችል ይህን ደብዳቤ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። ከሰላምታ ወደ ሰላምታ እንዳይዘሉባት፤ መሃሉንም ያንብቡላት።

ልጅዎ

ከሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ኅዳር 9 ቀን