የአባትህ ካዝና

ይድረስ ለምወድህ ልጄ። እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነው።

ለአባትህ ጠመንጃ ካዝና ገዛን። ሻጩ "የቁጥሩን ይውሰዱ፤ ቁልፍ ይጠፋል፣ ቁጥር ግን አይጠፋም" አለኝ። "የእኛን ቤት አታውቀውም" ብዬ ባለቁልፉን መረጥኩ። አባትህ ደስ ብሎት መነጽሩንና የቴሌቪዥኑን ሪሞት ቆለፈባቸው፤ ጠመንጃው ከጃንጥላው ጋር በር ኋላ ቆሞ ቀረ። እኔው አስገባሁት፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ጠባዩማ እንዴት ያለ ጨዋ ሆኗል መሰለህ። ትናንት ሳሎን ስገባ ብድግ ብሎ "እትዬ፣ ይቀመጡ፤ ባለቤቴ አሁን ትመጣለች" አለኝ። በትዳሬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ተቀምጬ አብሬው ጠበቅኳት።

ናፍቆትህ በርትቶብኛል። ስትመጣ በቀን ና፤ ከግቢው በር ሆነህም ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር።

እናትህ