ከእጄ የራቀ ፊውዝ

ወልቂጤ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ? ልጆቹስ? የቡታጅራ ክረምት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ብቻ በብየዳ ተለብልበዋል። አባባም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ቁጣቸው አልደከመም።

ያ አውሮፕላን የሚባለው እብደቴ አለቀ! ሳቂ፣ ግድ የለም። አምስት ዓመት የለፋሁበት ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ጋራዡ ውስጥ ቆሟል። የቀረኝ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነበር፤ በሱ የተነሳ ከሙሀመድሰይድ ጋር ሁለት ቀን ተኳርፈናል። አብሮኝ ባጃጅ የሚጠግነው ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ሚጥሚጣ። ብሬከር ግጠም አለኝ። ሰማይ ላይ መስመሩ ቢቋረጥብህ ጣትህን ሰደድ አድርገህ ታነሳዋለህ፤ ፊውዝ ግን አንዴ ከተቃጠለ እዚያ ላይ ማን ይቀይርልሃል አለ። እኔ ፊውዝ አልኩ። ያውም ሳጥኑን ከወንበሬ ጀርባ፣ እጄ በማይደርስበት። ወላሂ አብደሃል አለኝ።

አላበድኩም። የሞተሩ መቀጣጠያ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይሠራል። ሬዲዮው ቢጠፋ አልሞትም። በተጎዳ ሽቦ ላይ ኃይል ደጋግሜ ብለቅ ግን በቁሜ እቃጠላለሁ። ብሬከር ሲወድቅ የኛን ሰው ታውቂው የለ፤ ለምን ወደቀ ብሎ ነገር የለም፣ ሄዶ ማንሳት ነው። እኔ ይቺን እጄን አላምናትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለመነሻ የሚሆነኝ የአባባ መንደር ጀፎረ ብቻ ነው፤ አታት አካባቢ እንደሱ ሰፊና ለጥ ያለ ሣር ከየት ይመጣል? ጀፎረ የመንደሩ ሁሉ መንገድና መስክ ነውና ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። ከብቱስ፣ ሕፃናቱስ፣ የሣር ቤቱስ አሉኝ። ይሄኔ አባባ ተነስተው ዋስ ሆኑልኝ። ይሄኛው ልጄ ጥንቁቅ ነው፣ ካውያ ሰክታ ሄዳ ቤቴን እንዳቃጠለችው እህቱ አይደለም አሉ። ሽማግሌዎቹም ፈቀዱ። እኔ ዝም አልኩ። እታለሜ፣ ዝም አልኩ! በራሴ አፈርኩ።

ያን የመስቀል ሰሞን ካውያውን ነቅለሽ ነው ገበያ የወጣሽው። ገመዱ ወንበሩ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜ ተነሳ። ቤት የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ኳስ እያየ ነበር። በጣሪያው ሣር ስር የሚያልፈው ሽቦ ትልቁን ጎጆ በግማሽ ሰዓት አመድ አደረገው። አንቺም ስምንት መስቀል አባትሽ ቤት ሳትገቢ ቀረሽ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ አባባ ፊት እቆማለሁ። ሙሀመድሰይድ መጀመሪያ ብረር፣ ከዚያ ትነግራቸዋለህ ብሎ መክሮኛል። አይሆንም። ለማን ዋስ እንደሆኑ ሳያውቁ ከሣራቸው ላይ አልነሳም። ከከለከሉኝ ይከልክሉኝ፤ አውሮፕላኑ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ስምንት ዓመት አሳድሬዋለሁ፣ ይበቃዋል።

አንቺ ብቻ ለመስቀል ነይ። አባባ አጠገብ ያለው ቦታሽ ባዶውን ነው። ዓይኔን ማየት ካስጠላሽ እኔ ጋራዥ እውላለሁ፤ አንቺ ግን ግቢ።

የመስቀሉ ጌታ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ደጅሽን ይባርክልሽ፣ መንገድሽን ወደኛ ያቅናልኝ።

ኳስ ማየት ከተወ ስምንት ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድምሽ