የእናትህ ትንፋሽና ነጩ ጠጠር

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሂም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤንነትህን ሸኩር ነግሮኛል፤ ስለዚህ «እንዴት ነህ» እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። ይህንንም ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው፤ ቡና ጭኖ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ለምን አልደወልክም እንዳትለኝ። ስደውል እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። «ደህና ናት በለው» ትለኛለች፤ እኔም ደህና ናት እላለሁ። ውሸት አልወድም። ስለዚህ ጻፍኩ።

እናትህ ደህና አይደለችም።

እንቅርቷን ታውቀዋለህ፤ አንተ ሳትወለድም ነበረ፣ በሻርፕ ትሸፍነው ነበር። አሁን ወደ ውስጥ አድጎ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ተጭኖታል። በጀርባዋ መተኛት ከተወች ቆይታለች፤ ትራስ ደራርበንላት ግድግዳ ተደግፋ ታሸልባለች። ስትተነፍስ ፉጨት አለው። ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ፤ ቱቦ ሲጠብ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። ከጌራ እስከ ሊሙ ባሉ ማጠቢያ ጣቢያዎች ያልፈታሁት ማሽን የለም። ይህን ቱቦ ግን ፈትቼ መጥረግ አልችልም።

ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይውጣ አለ። ወደ ሊሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ሆስፒታል ነው። ፈርም አሉኝ። የሚያስተኛትን ማሽን ሳላይ አልፈርምም አልኩ። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንደማልነሳ ሲገባቸው የማደንዘዣ ባለሙያዋን ጠሩልኝ። ታቢታ ትባላለች፤ ከወደ ሆሳዕና የመጣች፣ ያንተ እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ጴንጤ ናት፤ ሥራ ላይ ሆና መዝሙር ታንጎራጉራለች። ጫማዬን አስወልቃ ቆብ አልብሳ አስገባችኝ።

እናትህ በምን እንደምትተነፍስ አንተም ማወቅ አለብህ፤ ስለዚህ እንደተረዳሁት እጽፍልሃለሁ። ኦክስጅን ከሲሊንደር ይመጣል። መንገዱ ላይ የማደንዘዣ ፈሳሽ የያዘ ዕቃ አለ፤ ኦክስጅኑ በዚያ ሲያልፍ የፈሳሹን እንፋሎት ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ሁለት ቱቦ አለ። አንዱ አየሩን ወደ በሽተኛው ይወስዳል፣ ሌላው የተነፈሰውን ይመልሳል። በሁለቱም ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ቫልቭ አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ ስስ ክዳን ብድግ ቁጭ ሲል ይታያል። እሱ ተጣብቆ ከቀረ ሰው የገዛ ራሱን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። የተመለሰውን አየር አይጥሉትም፤ ማደንዘዣው እንዳይባክን መልሰው ያዞሩታል። በመጀመሪያ ግን ነጭ ጠጠር በሞላበት ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ጠጠሩ የተቃጠለውን አየር ያስቀረዋል፤ የቀረው ጠርቶ እንደገና ይዞራል። ጠጠሩ ሲጠግብ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ያኔ ተጥሎ አዲስ ይሞላል። ከጎኑ ደግሞ የጎማ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ በሽተኛው መተንፈስ ሲያቆም ባለሙያዋ እሱን በእጇ ትጨምቀዋለች።

«መተንፈስ ሲያቆም ማለት?» አልኳት።

«እማማ ከተኙ በኋላ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት እንሰጣቸዋለን፣ አባባ። ከዚያ ወዲያ የምተነፍስላቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቫልቩ በየት በኩል እንደሚፈታ ጠየቅኋት።

«ሌላው ሰው ‹ትነቃለች ወይ?› ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎ የቫልቭ ነገር ይዘዋል» ብላ ሳቀች።

«መንቃቷን የሚያውቀው አላህ ነው። ቫልቩን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ» አልኳት። ፈረምኩ።

ቀኑ ደርሶ እናትህ የሆስፒታል ልብስ ለብሳ ስትጠብቅ ታቢታ ወጣችና ያን ዕቃ አሳየችኝ። ጠጠሩ ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ ሆኗል። አዲሱ ከአዲስ አበባ አልመጣም፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅም የለም። ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። «አብዛኛው ኖራ ነው» አለችኝ። ይህን ባልነገርኩት ኖሮ እያለች እስከ ዛሬ ራሷን ትወቅሳለች።

ኖራ! ኖራ በጅማ ጠፍቶ ያውቃል? ግንበኛ ሁሉ የሚያቦካው ነገር ነው። እናትህን ቤት አድርሼ ገዛሁ፣ በውሃ አቦካሁ፣ ቡና በምናሰጣበት ሸራ ላይ አደረቅሁት። ፈረካከስኩትና የቡና ፍሬ በምንለይበት ወንፊት ነፋሁት፤ እንደ ታቢታ ጠጠር መጠኑ አንድ ዓይነት እስኪሆን። እናትህ ደጃፍ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየች።

«አባ ፋሂም፣ ማሎ እባክህ፣ እኔ መፈልፈያ አይደለሁም እኮ።»

«ዝም በይ፤ ትንፋሽሽን ቆጥቢ» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

በብስኩት ቆርቆሮ ሞልቼ፣ እናትህንም አስከትዬ ወሰድኩላቸው። ታቢታ ከፍታ አየችው፤ በጓንቷ ነካችው፤ ነጭ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ይሄ በቱቦው ገብቶ ሳንባቸውን ያቃጥላቸዋል።»

«ነፍቼዋለሁ።»

«ቢነፉትም ያው ነው። ኖራ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ የሚገባበት ነገር አለ፣ እርጥበቱ የተለካ ነው። በእጅ አይሠራም።»

«እንግዲያው በኔ ላይ ሞክሪው። እኔን አስተኚኝ።»

«ለገዛ እናቴ የማላደርገውን ለእማማ አላደርግም» አለችና ቆርቆሮውን ከድና መለሰችልኝ። እናትህን አስነስቼ ይዤያት ወጣሁ። ዶክተሩ ከኋላ ሲጠራኝ አልዞርኩም። ቤት ስንደርስ እናትህ እጄን ገልብጣ አየች። ኖራው የጣቶቼን ቆዳ ልጦታል። «ይሄን ነው ደረቴ ውስጥ ልታስገባው የነበረው?» አለችኝ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ አክስትህን አፊፋን ልንጠይቅ ወደ አወቱ መንደራ ሄድን፤ እሷም ጉልበቷን ታማለች። ከባጃጅ ወርደን ትንሿን ዳገት ስንጀምር እናትህ ቆመች። አፏን ከፍታ ትስባለች፤ አይገባላትም። ጥፍሯን እጄ ላይ ተከለችው። ከንፈሯ ጠቆረ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ውሃ ስጧት ይላል፣ ሌላው አስቀምጧት ይላል፣ የባጃጁ ልጅ «ላዙር ወይ፣ አባ?» እያለ ይጮሃል። ፋሂም፣ እኔ የት እንደጠበበ አውቃለሁ። ምን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። የሚያስፈልገው ማሽን የት ክፍል እንደቆመ፣ ከየትኛው ቱቦ ምን እንደሚወጣ በቃሌ አውቃለሁ። እጇን ይዤ ከመቆም በቀር ምንም አላደረግሁም። በኋላ በራሱ ጊዜ ለቀቃት። መጀመሪያ የተናገረችው «ምነው እንዲህ ገረጣህ?» የሚል ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ታቢታም አልጠበቀችም፤ ወንበር አቀረበችልኝ። ለካ ያለ ጠጠሩም መንገድ አለ። ኦክስጅኑን በብዛት ከለቀቁት የተቃጠለውን አየር እየገፋ በማስወጫው ያወጣዋል፤ ዞሮ አይመለስም። ግን ሲሊንደሩን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ማደንዘዣውንም ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለእናትህ ሙሉ ሲሊንደር እያጠራቀሙ ነው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ይደርሳል ብለዋል። በመሐል ምጥ የጠናባት ሴት ከመጣች ግን ሲሊንደሩ ለሷ ነው። ታቢታ ይህን ዓይን ዓይኔን እያየች ነገረችኝ። ምን እላታለሁ? እንዳትሰጫት እላለሁ?

ሌላም ነገር አለ። እናትህ አሁን የምትተነፍሰው ነቅታ፣ ቀጥ ብላ ስለተቀመጠች ነው። ካስተኟት ጉሮሮዋ ይላላና ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ጉሮሮዋን ብቻ አደንዝዘው፣ ቱቦውን ዓይኗ እያየ ያስገቡላታል፤ የሚያስተኟት ከዚያ በኋላ ነው።

«ከረጢቱን እኔ ልያዘው። እጄ አይደክምም» አልኳት።

«አይቻልም፣ አባባ። እርስዎ ውጭ ነው የሚጠብቁት።»

«ውጭ ምን እሠራለሁ?»

«እንደ ሰዉ ሁሉ ይቀመጣሉ።»

ይህን ሥራ አልለመድኩትም።

ዶክተሩ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ድምፅን የሚያዘው ነርቭ በእንቅርቱ ሥር ነው የሚያልፈው። እንጠነቀቃለን፣ ግን ድምፃቸው ሊለወጥ ይችላል፣ ሊጠፋም ይችላል አለ። እናትህ ስትሰማ «ድሮስ ማን ሰምቶኝ ያውቃል» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዶክተሩ ሳቀ።

ና አላልኩህም። የወደቡን የክሬን ሥራ ጥለህ እንዳትመጣ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሁለተኛ አይገኝም። ብትመጣም ኮሪደር ላይ ሁለት ሆነን መቀመጥ ነው።

ግን ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውል። አንስቼ ወዲያው እሰጣታለሁ፤ ከኔ ጋር የምታወራው የለህም። መጻፌን አትንገራት። ስለ በሽታዋ አትጠይቃት። የምትበላውን ንገራትና ትቆጣህ። ሚስት አታገባም ወይ ብላ ትነሳብህ፤ አትከራከራት። የሰርጎቹን፣ የጎረቤቱን፣ የዶሮዎቿን ወሬ አስወራት። ትንፋሽ አጥሯት ዝም ካለች አትዝጋ፤ ጠብቃት፣ ትመለሳለች። ካርድ ካለቀብህ ሞልተህ እንደገና ደውል።

የኔ ስልክ አሮጌ ነው፣ ድምፅ አይቀዳም። ያንተ የሚቀዳ ከሆነ ቅዳልኝ።

አላህ ከባሕሩም ከብረቱም ይጠብቅህ። ለኛም በዱዓህ አስበን።

አባትህ
ሙሐመድሳኒ