እማዬ «ወጋኝ» ያለች ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሰርክአዲስ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ሳል ለቀቀሽ? መኳንንትስ ወገቡን ተሻለው? ሩቤንዬ ጥርስ አወጣ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ደህና ነን እንዳልልሽ ያለንበትን ታውቂዋለሽ። የእማዬን አርባ ባለፈው እሁድ አወጣን። የአገር ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር፤ የጎደልሽው አንቺ ነሽ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ልጄ ሄቨን ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

እማዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የሆነች ሰሞን፣ ነርሷ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ላምጣላችሁ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ግን «ልጄ አማርኛ ትችላለች፣ እሷ ትበቃለች» አልኩ። እዚህ ካልጋሪ ተወልዳ አማርኛ ቻለች መባሉን ወድጄው ነው። ከዚያ ኤርፖርት ሺፍቴን ልገባ ሄድኩ።

ደም እንዳይረጋ ተብሎ በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ ይሰጧት ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እማዬ ጎኗን ይዛ «ወጋኝ፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ ወጋኝ» ትላለች። ሄቨን ደግሞ «መውጋት» የሚባለውን የምታውቀው በመርፌ ብቻ ነው። ስለዚህ ለነርሷ «መርፌው አመመኝ ነው የምትለው» አለቻት። ነርሷም አዝና ሆዷን አየችላት፤ ነገ በሌላ በኩል እንሰጣታለን አለች። እማዬ ሰው ማስቸገር መቼ ትወዳለች? «ይሁን እንግዲህ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት አረፈች። የረጋ ደም ሳንባዋ ገብቶ ነው አሉን። ሐኪሙ ጎኗን ውጋት ይዟት ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ኧረ የለም አልኩት።

እሁድ እንግዳ ሲሸኝ ሄቨን ይህን አንድ በአንድ አወራችልኝ። ፊቴን አይታ «ዳዲ፣ ወጋኝ ማለት ኒድል ነው አይደል?» አለችኝ። «አዎ ልጄ፣ ነው» አልኳት። ምን ልበል? ሰው ሲያጽናናት «አያቴን እስከ መጨረሻው አስተረጎምኩላት» እያለች ነው እንባዋን የምትጠርገው። ጥፋቱ የእኔ ነው። በጊዜ ቢያውቁላት ትተርፍ እንደነበርም አላውቅም፤ የሚያንገበግበኝ አለማወቄ ነው።

ባለፈው በነርስነት ትምህርትሽ የዌልስ ሰዎች ቋንቋ፣ ዌልሹ፣ አስቸገረኝ፣ በሽተኞቹም ሁሉ እንግሊዝኛ ይችላሉ፣ ልተወው ነው ብለሽኝ ነበር። እማዬም እኮ ሃሎም ታንኪውም ትል ነበር። ሲጨንቃት የመጣላት ግን አፏን የፈታችበት ነው። እዚያ ዌልስ የምታስታምሚያቸው አሮጊቶችም እንደዚያው ናቸው። አትተዪው እህቴ። ሌላው ቢቀር ሲያማቸው የሚሉትን ለቅመሽ ያዢ። ያልገባሽን ገባኝ አትበዪ፤ የት ጋ፣ እንዴት አድርጎ እያልሽ ደጋግመሽ ጠይቂያቸው።

ለመኳንንት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሩቤንን ጉንጩን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ትግስት በጣም ናፍቀሻታል፣ የላክሽው ነጠላ ደርሷታል። ሄቨንም አክስቴን ሰላም በልልኝ ብላለች። እሁድ ትደውልልሻለች፤ የእማዬን የመጨረሻ ቀን ማውራቷ አይቀርም። ሳታቋርጪ ስሚያትና ጎበዝ በያት።

ወንድምሽ በድሉ
ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.