የአቶ ሞረዳ ገለታ የሕይወት ታሪክ እና የሁለት መቶ ሜትሩ መንገድ

አቶ ሞረዳ ገለታ ከአባታቸው ከአቶ ገለታ ዋቅጅራ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ድርቤ ኦልጅራ በ1947 ዓ.ም. በዲጋ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ነቀምቴ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተማሩ። በቅየሳ ሙያ ሠልጥነውም ከ1968 ዓ.ም. እስከ ጡረታቸው ድረስ በወለጋ ከተሞች መንገድ ሲቀይሱ ኖሩ። በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉወርቅ ታደሰ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ2001 ዓ.ም. በነቀምቴ ዳርቻ ቤት ሠሩ። ሰፈሩ ያኔ የበቆሎ ማሳ ነበር። ማሳው ሲሸነሸን ሁሉም እስከ በሩ የምታደርሰውን መንገድ ብቻ ትቶ ቀሪውን አጠረ። ዛሬ ከዐሥራ አንዱ ቅያሶቻችን ዐሥሩ የሚያልቁት ቆርቆሮ ላይ ነው። አስፋልቱና ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው ጀርባ ሁለት መቶ ሜትር ቢርቁም ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ያስኬዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው መንገድ ያወጡ ሰው መውጫ አጡ።

በ2009 ዓ.ም. የዕድራችን አባላት ከየግቢያቸው ሁለት ሁለት ሜትር ሊለቁ እጅ አውጥተው ወሰኑ፤ ስብሰባውንም በጸሎት ዘጉ። አቶ ሞረዳ በሳምንቱ አጥራቸውን አፈረሱ። ሌላው ግን ጎረቤቱ እስኪጀምር ጠበቀ። በጠየቁ ቁጥር መልሱ «ኦቦ ሞረዳ፣ እርስዎ ቀድመዋል፤ እንደርስብዎታለን» ነበር። የለቀቁት ቦታ የሰው ማገዶ መከመሪያ ሆነ። ይህን የምጽፈው የበኩር ልጃቸው ኬኔ ንዴቴን አልደብቅም፤ እሳቸውም አይደብቁም ነበር።

ለሁለት ዓመት በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ጠናባቸው። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይታየን ነበር። ሦስት ጊዜ መውጫ የሌለው ቅያስ ገብቶ ወደ ኋላ ወጣ። በአርባ ደቂቃ ሲደርስ አባታችን በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐርፈው ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አስከሬናቸው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው በአጭሩ መንገድ ነው። ጎረቤቶቻችን ትናንት ከሰዓት አምስት አጥር ነቅለው አሳለፉልን። ስምንት ዓመት ያልሆነው በግማሽ ቀን ሆነ፤ እናመሰግናለን። ቆርቆሮዎቹ ግን ነገ ሊመለሱ በየግድግዳው ተደግፈው ቆመዋል። ቤተሰቡ የአበባ ጉንጉን አይፈልግም፤ የሚለምነው እዚያው ተደግፈው እንዲቀሩ ነው።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበል፤ እኛንም ነገ ጠዋት መዶሻ ከማንሳት ይጠብቀን።