የቤዛ ልብ፣ የእናቷም ልብ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም የት/ቤት ዩኒፎርም። መብራት ጠፍቶ ግማሹን በእጄ ሰፋሁ። ልጄ ቤዛ ከልምምድ ስትመለስ ሱቄ ጎራ አለች። ክለቡ የሯጮቹን ሁሉ ልብ ሊያስመረምር ነው። ደህና የሚመስል ወጣት የልቡ ምት ተዛብቶ ሩጫ ላይ ይወድቃል አሏቸው። እሷ ምን ሊገኝባት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ደረጃ እንኳ እየዘለለች ነው የምትወጣው። ልብሽ ከስፌት መኪናዬ ይሻላል ብዬ አሳቅኳት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ተገኘባት። የመረመራት ዶ/ር የልብ ምቷ የተሳለበትን ወረቀት እያሳየ አስረዳን። ልቧ መትቶ ለሚቀጥለው ምት እስኪዘጋጅ ከሚገባው በላይ ይቆያል፤ በዚያ መሃል ሊዛባ ይችላል። ሩጫ ለጊዜው የለም። በየቀኑ ኪኒን። ከወላጅ የሚወረስ ስለሆነ እናትና አባትም ይምጡ አለ።

ቤዛ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ልደታ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። እጄን ይዛ አቆየችኝ። ቤት ስንገባ ግን ኪኒኑን አልውጥም አለች። ከዋጠችው ሩጫው ማለቁን ያመነች መስሏት ይሆናል። እናቷ፣ ባለቤቴ ዓለምነሽ፣ ለመነቻት፣ እኔ ተቆጣሁ። ወዲያው ቆጨኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

እኔና ዓለምነሽ ተመረመርን። ከእኔ እንዲሆን ስጸልይ ነበር የሰነበትኩት። እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ያለ ጤና ምን ያደርግልኛል። ዓለምነሽ ናት።

ራሷን ስታ ታውቃለች ወይ ተባለ። ታውቃለች እንጂ። በር ድንገት ሲንኳኳ ትወድቃለች፤ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸታታል፤ ትነሳለች። ደንጋጣ ናት ብለን ስንኖር። ዶ/ሩ በትህትና፣ ያስነሳት ክብሪቱ ሳይሆን ልቧ ራሱ ተስተካክሎ ነው አለ። ስንቴ ልትሄድብኝ ነበር። ለእሷም ኪኒኑን አዘዘላት።

ቤት ዓለምነሽ ቤዛን ቀና ብላ ማየት አቃታት። በእኔ ነው የመጣብሽ አለቻት። ቤዛ ውሃ ቀድታ መጣች።

"እማ፣ አብረን ነው የምንውጠው። አንቺ ከተውሽ እኔም እተዋለሁ።"

ዋጡ። እኔም የተረፈውን ውሃ ጠጣሁ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ ከቀጠሮ መልስ

ቤዛ ዶ/ሩን ፊት ለፊት ጠየቀችው፤ ተመልሼ እሮጣለሁ? አሁን ቃል አልገባልሽም፣ ኪኒኑ ልብሽን እንዴት እንደያዘው እንይ አላት። ሰንጋ ተራ ስንደርስ፣ አለመሮጥ ከሞት ይሻላል አለች፣ እየሳቀች። ሳቁ አልቆየም። አቀፍኳት፣ መንገድ ላይ።

ዶ/ሩ አንድ ነገር አክሏል። ለእንዲህ ያለ ልብ ከእንቅልፍ በጩኸት መንቃት ክፉ ነው፤ የስልክ አላርም ከመኝታ ቤት ይውጣ። የሁለቱንም ስልክ ወስጄ ሳሎን አስቀመጥኩ። ቤዛ፣ ታዲያ በምን እንነሳ ብላ ተነጫነጨች።

ወሰንኩ። ከነገ ጀምሮ ቀድሜ እነሳለሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትከሻቸውን ዳሰስ አድርጌ፣ በየስማቸው ቀስ ብዬ እጠራቸዋለሁ። መጀመሪያ ዓለምነሽን፣ ከዚያ ቤዛን። በየቀኑ።